የጸሎት ወንፈል



በዘመናችን ወጣቶች አንደበት ዘወትር የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ተማሪው ፈተና ደረሰብኝ ይላል። ነጋዴው ዛሬ ገበያ ነው ይላል። በቤት ያለችው እኅት እንጀራው፣ ውኃው፣ ልጁ ትላለች። ባጃጅ የሚነዳው ወንድማችን የዕለቱን ገቢ ካልሞላሁ ማታ ለባለንብረቱ ምን አስረክባለሁ ይላል። ይህን ሁሉ ሰምተን «ሰነፎች ናችሁ» ብለን ብንዘልፍ ጥያቄውን ሸሸነው እንጂ አልመለስነውም፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት እውነት ነውና። ሥራ አለባቸው፤ ሥራውም እግዚአብሔር ለሰው ልጅ የሰጠው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «መጸለይ ይገባል ወይስ አይገባም» የሚለውን አይደለም፤ ይህ ለክርስቲያን ያለቀ ጉዳይ ነው። የምንጠይቀው በሥራ በተያዘ ቀን ውስጥ ለጸሎት የሚሆነው ጊዜ ከየት ይገኛል? ይልቁንም ከማን ላይ ይወሰዳል? ብለን ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲነሣ አንሰማውም፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው የሚብሰው እርሱ ይመስለናል።

አስቀድመን አባቶች የሠሩልንን ሥርዓት እንመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን በዕለት ውስጥ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ወስናለች። መሠረቱ ዳዊት በመዝሙሩ በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግናለሁ ማለቱ ሲሆን፣ ፍትሐ ነገሥትም በ14ኛው አንቀጽ ይደነግገዋል። እነዚህም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ምክንያት አለው። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በቀትር ጌታችን መሰቀሉን፣ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን፣ በሠርክ ከመስቀል ወርዶ ወደ መቃብር መውረዱን እናስባለን።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠች አንዲት ጸጋ አለች። በሀገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። ሠለስት ማለት ሦስት፣ ተሰዓት ማለት ዘጠኝ ማለት ነው። በሌላው ሀገር ያለ ክርስቲያን በወንጌል የተጻፈውን ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ለማስማማት ቀንሶና ደምሮ ማስላት ይኖርበታል። እኛ ግን ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሰዓት ባየን ጊዜ ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ሻይ የምንጠጣው ሦስት ሰዓት ነው»፣ «ስድስት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ስንል የጸሎት ሰዓታትን ስም እየጠራን ነው። ሥርዓቱ ከኑሯችን ውጭ የቆመ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ብዛቱስ ምን ያህል ነው? በሰባቱም ጊዜያት አምስት አምስት ደቂቃ የሚጸልይ ሰው በዕለቱ 35 ደቂቃ ጸለየ ማለት ነው። ዕለቱ 1440 ደቂቃ ነውና ይህ ከአርባ አንድ እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ከገንዘባችን ዐሥራት እናወጣለን፤ የዕለቱን ዐሥራት እናውጣ ብንል ኖሮ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆን ነበር። እንግዲህ የሚጠየቀው የቀኑ ዐሥራት እንኳ አይደለም።

«ይህ ሥርዓት የመነኮሳት ነው፤ ሥራ ላለበት ሰው አይሆንም» የሚል ሊኖር ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን በጸሎታቸው የሚያነሣቸው ሰዎች ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ዳንኤል በዳርዮስ መንግሥት በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር፤ የመንግሥት ሒሳብ በእጁ ነበር፤ ሆኖም መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ በጥያቄውና በመልሱ መካከል በነበረችው ጥቂት ጊዜ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ከንጉሡ ፊት አልወጣም፤ ጽዋውንም አላስቀመጠም፤ ሥራው ላይ እንደቆመ ጸለየ። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ በስድስት ሰዓት ወደ ሰገነት ወጥቶ ሲጸልይ ተርቦ ነበር፤ ምግቡም እየተዘጋጀለት ነበር። ምሳ እስኪደርስ ያለችውን ጊዜ ለጸሎት አዋላት። አሕዛብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡበት ራእይም የታየው በዚያች የምሳ መጠበቂያ ጊዜ ነው።

መነኮሳቱም ቢሆኑ ያለ ሥራ አልኖሩም። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ተጨንቆ እንዴት እድናለሁ ብሎ ጠየቀ። አንድ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ሲታታ፣ ሥራውን ትቶ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲታታ አሳየው። እንጦንስም እንዲህ ማድረግን ተማረ። ስለዚህ ሥራና ጸሎት የሚፈራረቁ ወንድማማቾች እንጂ የሚጣሉ ባላንጣዎች አይደሉም።

እስከዚህ ያለው በብዙ ጉባኤ ይነገራል። አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንለፍ።

ጊዜያችን ሁሉ የራሳችን ነውን? አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ከሁለት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ ሸጦታል። ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘው በሽተኛ በነርሷ ጊዜ ላይ መብት አለው። እናት ልጇን ስታሳድግ ያዋለችው ጊዜ በልጁ ላይ ዕዳ ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት «ለጸሎት ጊዜ አገኘሁ» ሲል ያን ጊዜ ከማን ወሰደው ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ከራሱ እንቅልፍ ወስዶት ከሆነ መሥዋዕት ነው። እናቱ ጀርባዋ እስኪጎብጥ ውኃ ስትቀዳ እርሱ ዳዊት እየደገመ ከሆነ ግን ጊዜው የተወሰደው ከእናቱ ነው። ዳዊቱን የደገመው እርሱ ይሁን እንጂ ድካሙን የከፈለችው እርሷ ናት።

ይህን ስንል የራሳችንን ፍልስፍና መፍጠራችን አይደለም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ፈሪሳውያንን የገሠጸው በዚህ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ለአባቱና ለእናቱ ሊረዳበት የሚገባውን ነገር ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ካለ ወላጆቹን ከመርዳት ነጻ ያደርጉት ነበር። ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ነው አለው። በገንዘብ የማይፈቀደው በጊዜም አይፈቀድም። ለእናት የሚገባውን ሰዓት «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ መከልከል የቁርባን ስም የተለጠፈበት ንጥቂያ ነው።

የሰንበትንም ትእዛዝ ልብ እንበል። በኦሪት ዘዳግም 5ኛ ምዕራፍ ሰንበትን አክብር የተባለው ሰው ብቻውን ዐርፎ ሌላውን እንዲያሠራ አይደለም። ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው መጻተኛ ሳይቀር እየተዘረዘሩ እንዲያርፉ ታዝዟል። በእኛም ሀገር በሰንበት ጉዳይ ብዙ ክርክር ተደርጎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ጸንቷል። የሰንበት ትርጉም ግን ለጌታው ዕረፍት ለሎሌው ድካም ከሆነ ቀኑን አከበርን እንጂ ትእዛዙን አላከበርንም። የቤት ሠራተኛዋን «ምሳ አድርሰሽ ጠብቂን» ብለው እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ቅዳሴ የሚሄዱ ቤቶች ይህን ይመልከቱት። እርሷም የተጠመቀች ነፍስ ናት።

ይህ ነገር በዓይናችን ሥር በጉልህ የሚታይበት ስፍራ አለ፤ እርሱም ሐሮ ወንጪ ነው። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ላይ ካለው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ወደ ገዳሙ መድረስ የሚፈልግ ሰው ከአፋፉ ቁልቁል ወርዶ በጀልባ ይሻገራል። የዙሪያው ገበሬ ገብስና እንሰት ያለማል፤ ወጣቱ ደግሞ ጎብኚን በፈረስ ይመራል፣ በጀልባ ያሻግራል። በ2012 ዓ.ም. ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለሀገር ውስጥ ታቀፈ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው። ይህ ለአካባቢው መልካም ዜና ነው፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን የከተማው ሰው ለሽርሽር የሚወጣው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ለፈረስ መሪውና ለቀዛፊው የሥራው ቀንና የሰንበቱ ቀን አንድ ሆነ።

የቀዛፊውን ነገር እስቲ እናስብ። ጥር 15 የቅዱስ ቂርቆስ የዕረፍቱ በዓል፣ ሐምሌ 19 ደግሞ ከእናቱ ጋር ከፈላው ውኃ የዳነበት በዓል ነው። በእነዚህ ቀናት ምእመናን ለጸሎት ይሻገራሉ። ሁሉም ደሴቱ ላይ ወርዶ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቀዛፊው የሚቀረውን ሰው ሊያመጣ ይመለሳል። ደግሞ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። የሰው ሁሉ ጸሎት በእርሱ ክንድ ተሻገረ። የእርሱን ጸሎት ማን ያሻግርለት? በየከተማችንም እንዲህ ያሉ ቀዛፊዎች ሞልተዋል። ጉባኤተኛው እንዳይሰረቅ ጫማ የሚጠብቀው፣ ከደጅ ሆኖ መኪና የሚያስቆመው፣ ከዝክሩ በስተጀርባ ጭስ የሚጠጡት እናቶች፣ ሌሊት ሐኪም ቤት ተረኛ የሆነችው እኅት፣ ሁሉም ቀዛፊዎች ናቸው።

የገዳሙ ባለቤት የቅዱስ ቂርቆስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ በመስፍኑ ፊት ቀርባ የፈላውን ውኃ ባየች ጊዜ ፈራች። ሕፃኑ «እኔ ጸንቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ ለብቻው አልገባም፤ እናቱን አጽናናት፤ ኃይል እንዲሰጣት ወደ እግዚአብሔር ለመነላት፤ ሁለቱም በአንድነት ገቡ፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም አዳናቸው። ልጅ እናቱን ወደ ጸሎት አደረሳት እንጂ እናቱን ትቶ ወደ ጸሎት አልሄደም። ለወጣት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ማርታና ማርያምንም በዚሁ ዓይን እንያቸው። ማርያም በጌታ እግር ሥር መቀመጧ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ጌታ ማርታን በስሟ ደጋግሞ የጠራት ወደዚያው ወደ መልካሙ ዕድል ሊያመጣት ነው እንጂ «አንቺ በማድ ቤት ቅሪ» አላላትም። ስለዚህ የማርያምን ስም እየጠሩ ማርታን ለዘለዓለም ከምድጃ ሥር ማስቀረት አይገባም።

እንግዲህ ለጸሎት የሚሆነው ጊዜ ከወዴት ይገኛል? ሦስት ምንጮች አሉት እንላለን።

አንደኛው የራሳችን የሆነው ጊዜ ነው። ማንም የማይጠይቀን፣ ዕዳ የሌለበት ጊዜ አለ። ከመኝታ በፊት ስልክ ላይ የሚያልፈው ጊዜ የእናት አይደለም፤ የአሠሪም አይደለም። አንዱን ተንቀሳቃሽ ምስል ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፉ ንዋም ያልፋል፤ አንዳንዴም መንፈቀ ሌሊት ይደርሳል። ከዚህ ላይ ዐሥር ደቂቃ ቢነሣ የሚጎዳ ሰው የለም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ለማድረስ ረጅም ጊዜ አይፈልግም፤ ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተዘጋጀው የዕለቱ ድርሻ ለዕለቱ እንዲበቃ ነውና።

ሁለተኛው ከሥራው ውስጥ የሚገኘው ነው። ገበሬው በሬውን ጠምዶ ከማረሱ በፊት ያማትባል። እናታችን ሊጡን ምጣድ ላይ ከማፍሰሷ በፊት በስመ አብ ትላለች። ማዕድ ሳይባረክ አይቆረስም። ይህ ሥራ አያስፈታም፤ የነህምያ ጸሎት ነው። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት፣ ተማሪው የፈተና ወረቀቱን ከመግለጡ በፊት፣ ሻጯ ሱቋን ስትከፍት አቡነ ዘበሰማያት ቢሉ ማንንም አያስጠብቁም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተጀመረ ሥራ ብዙ ጊዜ ያባከነውን ያህል ያስከፍላል።

ሆኖም ሁለተኛውን ይዞ አንደኛውን መተው አይገባም። «እኔ በልቤ ዘወትር እጸልያለሁ፤ የተለየ ሰዓት አያስፈልገኝም» የሚል አለ። ዘወትር መጸለይ የታዘዘ ነው። ነገር ግን የተወሰነ የምግብ ሰዓት የሌለው ቤት ሁልጊዜ የሚበላበት ቤት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጦም የሚታደርበት ቤት ነው። የተወሰነችው ሰዓት የቀረውን ቀን የምታስታውስ ደወል ናት።

ሦስተኛው ምንጭ አንዳችን ለአንዳችን የምንሰጠው ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው። አንዳንዱ ሰው ከላይ የተባሉትን ሁለቱን ቢፈልግ እንኳ አያገኝም። ጨቅላ የታቀፈች እናት የራሷ የሆነ ጊዜ የላትም። በሽተኛ የሚያስታምም ሰው የለውም። ለእንዲህ ያሉት «ጊዜ ፍጠሩ» ብሎ መስበክ ጭብጦ ለሌለው ሰው «ብላ» እንደማለት ነው። ጊዜውን ልንሰጣቸው የሚገባን እኛ ነን።

ይህም በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሬና ጉልበት ያነሰው ገበሬ ብቻውን ማረስ ሲያቅተው በወንፈል ይታረስለታል። ዛሬ የእርሱ፣ ነገ የጎረቤቱ እርሻ ይታረሳል። የታረሰለትም ልመና ለመነ አይባልም፤ ተራውን ይመልሳልና። አባቶቻችን ለእርሻ ያወቁበትን ጥበብ እኛ ለጸሎት ልናውለው ይገባል። የጸሎት ወንፈል ማለት ይኸው ነው።

አፈጻጸሙም ቀላል ነው። እናታችን በዓመቱ አንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ አንድ ጠዋት ያለ ሐሳብ አስቀድሳ እንድትመለስ ውኃውን ልጆቿ እንቅዳ፤ ጨቅላውንም እንያዝላት። ፈረስ መሪው ወይም ባጃጅ ነጂው ቅዳሴ ሲገባ ጓደኛው ተራውን ይጠብቅለት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እርሱ ይጠብቅ። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ጎብኚ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ ስለሆነ የማለዳው ቅዳሴና የረፋዱ ሥራ የማይታረቁ አይደሉም፤ የሚያስፈልገው የሚተማመን ጓደኛ ነው። በበዓል ቀን ከተሻገሩት ጎበዛዝት መካከል መቅዘፍ የሚችሉ ለአንድ ምልልስ መቅዘፊያውን ይቀበሉና ቀዛፊው ወንጌሉን ይስማ። የቤት ሠራተኛ ያለበት ቤት ምሳው በአንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይሞትም፤ እርሷም ታስቀድስ።

«የጠበቅሁለት ሰው ጸሎቱን ሳያደርስ በወሬ ጊዜውን ቢያሳልፈውስ?» የሚል ይኖራል። እርሱ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅበት ነው። በወንፈል እርሻው የታረሰለት ሰው ዘር ባይዘራ ጥፋቱ የዘሪው ነው እንጂ የአራሾቹ አይደለም። የአራሾቹ ድካም በእግዚአብሔር ዘንድ ተጽፏል።

ደግሞም ተራ የጠበቀው፣ ውኃ የቀዳው፣ ጨቅላ የያዘው ሰው ከጸሎቱ ዕድል ፈንታ የለውም ማለት አይደለም። ሐዋርያው አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዘዘው በዚህ የክርስቶስ ሕግ እንዲፈጸም ነው። ገምቦ ተሸክሞ ከምንጭ የሚመጣ ልጅ እናቱ በዚያች ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ቆማ ስሙን እየጠራች እንደምትጸልይለት ያውቃል።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ «ለጸሎት ጊዜ አለኝን?» የሚለውን ጥያቄ ይዘን ሁለተኛውን ጥያቄ እናስከትለው፤ «በእኔ ምክንያት ጊዜ ያጣው ማን ነው?» እንበል። መጀመሪያውን የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ነፍስ ያስባል፤ መልካም ነው። ሁለተኛውን የሚጨምር ግን እንደ ሕፃኑ እንደ ቂርቆስ እናቱንም ይዞ ይገባል። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንምረጥ፤ ለዚያም ሰው አንዲት ሰዓት በጉልበታችን ገዝተን እንስጠው። ለማን እንደሰጠን ማውራት አያስፈልግም፤ ሥራውን ሠርቶ ዝም ማለት ይበቃል።

የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።